ከመርጫ እስከ ሣጥን፦ የቲማቲማችሁን የኬሚካል ቅሪት ከተፈቀደው በታች የማቆየት ዝርዝር መመሪያ

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ ከማሳቸው ዳር ሆነው ጠሩኝ። ያለነው ሮቢት ነው፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና አፍንጫ ሥር። ቲማቲማቸው መቅላት ጀምሯል። ቅጠሉን ደግሞ ምች የሚባለው የሻጋታ በሽታ መትቶታል። በእጃቸው አንድ ፓኬት ይዘዋል።

"ልጄ፣ ዛሬ ብረጨው ለቅዳሜ ገበያ ይደርስልኛል?"

ፓኬቱን ተቀብዬ አነበብኩት። የመቆያ ቀኑ፣ ማለትም ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀው፣ 7 ነው። "አያ፣ ለዚህ ቅዳሜ አይደርስም፤ ለሚቀጥለው እንጂ" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ዝምታቸው ገባኝ። የደረሰ ቲማቲም አንድ ሳምንት አይጠብቅም። የሚበሰብሰው ደግሞ የልጆች ደብተርና የጤፍ ዋጋ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ላለ ሁሉ ነው። ስለ ቅሪት ገደብ ሲወራ ሰው ሁሉ ስለ ቤተ ሙከራና ስለ ውጭ ገበያ ያስባል። እኔ ግን ገደቡ የሚጠበቀውም የሚጣሰውም ማሳ ላይ ነው ባይ ነኝ። በክዳን ስትለኩ፣ ቀን ስትቆጥሩ፣ ጆንያ ስትመርጡ።

መጀመሪያ ገደቡን እንረዳው

መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ሁሉም አይጠፋም። ሰብሉ ላይና ውስጡ የሚቀረው ቅሪት ይባላል። መንግሥታት "ይህ ኬሚካል በዚህ ሰብል ላይ ቢበዛ ይህን ያህል ይገኝ" ብለው ጣሪያ ያስቀምጣሉ። የሚለካው በአንድ ኪሎ ምርት ውስጥ ባለው ሚሊ ግራም ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በዓይነ ሕሊና ማየት ይከብዳል። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ጣሪያ ላላስቀመጠለት ኬሚካል የሚጠቀምበት ገደብ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ወደ እኛ ሚዛን እናምጣው። በ1000 ኩንታል ምርት ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። 1000 ኩንታል ስንት መኪና ጭነት እንደሆነ አስቡት። ያን ሁሉ ለማስጣል 1 ግራም ትበቃለች።

ጣሪያው ከየት መጣ? ኬሚካሉ በመለያው ላይ በተጻፈው ከፍተኛ መጠን ማሳ ላይ ይረጫል። የተባለው ቀን ይጠበቃል። ምርቱ ተለቅሞ ይመረመራል። ከዚያ በብዙ ማሳ በተገኘው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ጣሪያው ይወጣል። ቀጥሎም ሰው በቀን ከሚበላው ጋር ይሰላል። የጤና ወሰኑ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በእንስሳት ላይ ምንም ጉዳት ያላሳየውን መጠን ለ100 በማካፈል ነው። መቶው 10 በ10 ተባዝቶ ነው። አንዱ 10፣ ሰው ከእንስሳ ሊለይ ይችላል ተብሎ ነው። ሌላው 10 ደግሞ ሕፃንና ጎልማሳ፣ ደካማና ብርቱ እኩል አይደሉም ተብሎ ነው።

ስለዚህ ጣሪያው "ከዚህ ካለፈ የበላ ይሞታል" የሚል መስመር አይደለም። ጣሪያውን ያለፈ ምርት ብዙውን ጊዜ የሚነግረን አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው መጠን አብዝቷል፣ ወይ ቀን አልጠበቀም፣ ወይ ለዚያ ሰብል ያልተፈቀደ ነገር ረጭቷል። ይህን የምለው ነገሩን ለማቃለል አይደለም። በየቀኑ ጣሪያ ያለፈ ጎመንና ቲማቲም የምትበላ ሕፃን የዚያን የ100 እጥፍ መጠባበቂያ ቀስ በቀስ እየበላችው ነው።

ዓለም አቀፉን ጣሪያ የሚያወጣው ኮዴክስ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኮሚሽን ነው። በአገራችን ደግሞ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ መሸጥም መጠቀምም ይከለክላል። ምዝገባው በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን በኩል ነው። የምግቡ ደኅንነት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ይወድቃል።

እርምጃ 1፦ ምርቱ የት እንደሚሄድ ወስኑ

ይህ ከመትከል በፊት ነው። አንዱን ኬሚካል አንዱ አገር ይፈቅደዋል፣ ሌላው ያግደዋል። ምሳሌ ክሎርፒሪፎስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን አላድስም አለ። በዚያው ዓመት ገደቡን ወደ 0.01 አወረደው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከተወሰኑ ጊዜያዊ አጠቃቀሞች በስተቀር በዓለም ደረጃ እንዲቆም በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገባ።

በቆጋ መስኖ ለውጭ ገበያ አቮካዶ ለሚያለማ ገበሬ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ገዢው የሚልከውን የተፈቀዱ ኬሚካሎች ዝርዝር አስቀድማችሁ በወረቀት ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ዝርዝር ዝርዝር አይደለም። ለባሕር ዳር ገበያ የምታመርቱ ደግሞ ለቲማቲም የተመዘገበውን ብቻ ያዙ። የምትበሉትም እናንተው፣ ጎረቤታችሁም ናችሁና።

እርምጃ 2፦ የምትገዙትን እወቁ

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተታልያለሁ። ሱቁን አልጠራውም። ሻጩ ከትልቅ ጀሪካን ወደ ውሃ መጠጫ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ "ይሄ ነው ለትሉ" ብሎ ሰጠኝ። መለያ የለው፣ ቀን የለው። ቤት ወስጄ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ማታ ታናሽ ወንድሜ ውሃ መስሎት ክዳኑን ሲፈታ ደረስኩበት። ያን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከዚያ ወዲህ የተቀዳ መድኃኒት ገዝቼ አላውቅም።

የታሸገ ግዙ። በአማርኛ የተጻፈ መለያ፣ የምዝገባ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይኑረው። "ለቲማቲም" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ለጥጥ ወይም ለስንዴ ብቻ የተመዘገበ ነገር ትሉን ቢገድልም ለቲማቲም የመቆያ ቀን አልወጣለትም። መቼ እንደሚለቀም ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ከመለያው ግርጌ ያለው የቀለም መስመርም ያሳስታል። ቀይ በጣም አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ጥንቃቄ የሚሻ፣ አረንጓዴ ዝቅተኛ አደጋ ማለት ነው። ቀለሙ የሚናገረው ግን ለረጪው ነው። ስለ ቅሪት ምንም አይልም። "አረንጓዴ ነው፣ ዛሬ ረጭቼ ነገ ልልቀም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስህተት ነው።

ተባዩን ያላወቃችሁት እንደሆነ የታመመውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልላችሁ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳዩ። ባሕር ዳር ያለው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክም ለዚህ ነው ያለው። ምችን በትል መድኃኒት የሚረጭ ሰው ምቹን አያድነውም፤ ቅሪቱን ግን ይጨምራል።

እርምጃ 3፦ ከመለያው ሦስት ቁጥር ገልብጡ

በሄክታር ስንት ሚሊ ሊትር ወይም ግራም። በአንድ የምርት ወቅት ቢበዛ ስንት ጊዜ። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን። ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ይጠቅማል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን ደብተር ላይ ሳትገለብጡ ክዳኑን አትክፈቱ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ አንብቡት።

እርምጃ 4፦ ክዳኑን ተዉትና በሲሪንጅ ለኩ

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በእኛ አካባቢ መለኪያው ክዳን ነው። "ለአንድ ናፕሳክ (በጀርባ ለሚታዘለው መርጫ) ሁለት ክዳን" ይባላል። የማን ክዳን? አንድ ቀን ቤት ያሉትን ባዶ ጠርሙሶች ክዳን ሰብስቤ ከፋርማሲ በገዛሁት 10 ሚሊ ሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ ለካኋቸው። ትንሹ 10 ሚሊ ያዘ። ትልቁ 24 ሚሊ ያዘ። ሁለቱም "አንድ ክዳን" ናቸው።

አሁን ትክክለኛውን ስሌት እንሥራ። ማሳችሁ ውስጥ በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለኩ። መርጫው ውስጥ ልኩን የምታውቁት ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። እንደ ሁልጊዜው አረማመዳችሁና እንደ ሁልጊዜው አመላለሳችሁ ያችን ቦታ ርጩ። የቀረውን ውሃ ለክታችሁ ቀንሱ። 5 ሊትር ፈጀ እንበል። አንድ ሄክታር የዚያች ቦታ 100 እጥፍ ነው። ስለዚህ እናንተ በሄክታር 500 ሊትር ትረጫላችሁ።

መለያው በሄክታር 400 ሚሊ ይላል እንበል። 400ን ለ500 አካፍሉ፣ በመርጫችሁ በ20 ሊትር አባዙ። 16 ሚሊ ይመጣል። ለአንድ ናፕሳክ የሚገባው ይህ ብቻ ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ጠቅላላው 100 ሚሊ ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ እንመለስ። በትልቁ ክዳን ሁለት ጊዜ 48 ሚሊ ነው። ሦስት እጥፍ! ገበሬው አላጭበረበረም። ክፋትም የለበትም። ሰው ያለውን ሰምቶ በእጁ ባለው ክዳን ለካ። የቅሪቱ ነገር ግን ገና ከባልዲው ላይ ተበላሸ።

ሲሪንጁን ለዚህ ሥራ ብቻ አድርጉት። ቀይ ክር እሰሩበትና ከቤት ውጭ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። የመርጫው አፈሙዝ ካረጀ ውሃ ያበዛል። ስለዚህ ልኬቱን በየምርት ወቅቱ መጀመሪያ ድገሙት። የሚረጨው ሰው ሲቀየርም ድገሙት፤ የሰው እርምጃ አንድ አይደለም።

እርምጃ 5፦ ቀን ቁጠሩ

ቅሪት በአንድ ጊዜ አይጠፋም። በፀሐይ፣ በሙቀት፣ በዝናብና በተክሉ በራሱ ሥራ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ፍሬው ሲያድግም ይሳሳል። ለመረዳት እንዲመቸን አንድ ኬሚካል በየ3 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል እንበል። ጣሪያው በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። በትክክለኛው መጠን ስትረጩ ቲማቲሙ ላይ 1.2 አረፈ። በ3ኛው ቀን 0.6 ይሆናል፣ በ6ኛው ቀን 0.3። 7 ቀን ብትጠብቁ ደህና ናችሁ።

መጠኑን እጥፍ ብታደርጉትስ? 2.4 አረፈ። 0.3 ለመድረስ 9 ቀን ይፈልጋል። በትልቁ ክዳን ሦስት እጥፍ ላደረገው ሰው ደግሞ ወደ 11 ቀን ይጠጋል። መለያው 7 ቀን ይላል፤ ሰውየው 7 ቀን በታማኝነት ጠበቀ፤ ቲማቲሙ ግን አሁንም ከጣሪያው በላይ ነው። መጠኑን በትክክል ሳይለኩ ቀን መጠበቅ ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው የቲማቲም ዓመቴ ነው። ሐሙስ ረጨሁ፣ ቅዳሜ ገበያ አወጣሁ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። አንዱን ቲማቲም አነሳች። ቅጠሉ ከፍሬው ጋር በሚገናኝበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነጣ ያለ፣ አመድ የመሰለ ዱቄት ነበረበት። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ለልጇ ሰጠችው። ልጁ ገመጠው። ጭማቂው በአገጩ ወረደ። ዱቄቱ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሷ አታውቅም። ምንም አላልኩም። ገንዘቤን ተቀበልኩ። ልጁ ምንም እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሁለተኛ ግን እንዲህ አላደርግም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

እንግዲህ የጎረቤቴ ጥያቄ ከባድ ነው። ቲማቲም አንዴ ተለቅሞ አያልቅም። በየ4 ቀኑ፣ በየ5 ቀኑ ይለቀማል። የመቆያ ቀኑ 7 ከሆነ አንድ ዙር ለቀማ መዝለል ግድ ነው። መውጫው እንዲህ ነው።

ጠንካራውንና መቆያው ረጅም የሆነውን መድኃኒት ፍሬው ሳይበስል ተጠቀሙ። መቅላት ከጀመረ በኋላ የምትገዙት መቆያው 3 ቀን ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ብቻ ይሁን። ለትል ባሲለስ ቱሪንጂንሲስ የሚባለው፣ ከባክቴሪያ የሚሠራው ዓይነት አለ። የዚህ መቆያ በጣም አጭር ነው፤ በብዙ አገርም የቅሪት ጣሪያ አይጠየቅበትም። የሚሠራው ግን ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ስለሆነ ቶሎ ማየትን ይፈልጋል።

ቅደም ተከተሉንም አትርሱ። መጀመሪያ ልቀሙ፣ በዚያው ቀን ርጩ፣ ከዚያ ጠብቁ። ረጭቶ መልቀም ሳይሆን ለቅሞ መርጨት። ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ሁለት መድኃኒት ቀላቅላችሁ ከረጫችሁ የምትጠብቁት የረጅሙን ቀን ነው። 3 እና 14 ቢሆኑ 14 ትጠብቃላችሁ። መካከሉን ወስዶ 8 ማለት የለም።

ርጭቱን የሚቀንሰው ሥራ ደግሞ ከርጭቱ በፊት ያለው ነው። ግንዱን በእንጨት ደግፉ። የታችኛውን ቅጠል ከመሬት አንሡ። ውሃውን በቦዩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። ምች የሚወደው እርጥብ ቅጠል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል የበላውን ቅጠል ለቅማችሁ በላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት። ማሳው ዳር የተጣለ ቅጠል ትሉን መልሶ ይፈለፍለዋል።

ለጎረቤቴ የነገርኳቸውም ይህንኑ ነበር። የቀላውንና ቀላ ቀላ ያለውን ሁሉ ዛሬውኑ ይልቀሙ። አመሻሹ ላይ ነፋሱ ሲበርድ ይርጩ። ቀጣዩ ለቀማ ከ8 ቀን በኋላ ይሁን። ሦስት ሣጥን ተኩል ወጣላቸው። ከጠበቁት ያንሳል፤ ግን ንጹሕ ነው።

እርምጃ 6፦ የርጭቱ ቀን

ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው፣ ካልሆነም አመሻሹ ላይ ነፋሱ ሲበርድ ርጩ። ቀኑ ሲሞቅ የሐይቁ ነፋስ ይነሣል፣ ጠብታውንም ይዞት ይሄዳል። የእናንተ የቲማቲም መድኃኒት የጎረቤት ጎመን ላይ ሲያርፍ እሱ ያልረጨው ቅሪት ይገኝበታል። ለጎመን ካልተፈቀደ ደግሞ ጣሪያው በጣም ዝቅተኛ ነው። ማሳችሁ ከጫት ወይም ከጌሾ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በእጥፍ ተጠንቀቁ። ጫት ተቆርጦ በዚያው ቀን ይቃማል፤ የሚልጠው የለም፣ የሚቀቅለው የለም። ንብ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ከዋዜማው ንገሩት። አበባ ላይ ንብ እያየ የሚረጭ ሰው የራሱን ፍሬ ይቀንሳል።

ሐይቁን በተመለከተ አልለሳለስም። መርጫችሁን ጣና ውስጥ፣ ወንዝ ውስጥ፣ ጉድጓድ አጠገብ አትጠቡ። ካራቴ በሚለው ስም የምናውቀው ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ዘመዶቹ ለሰው ከሚያሰጉት ይልቅ ለዓሣ እጅግ ይከፋሉ። ቆረሶውም አምባዛውም ጠብታዋን አይችሏትም። ከደንገሉ ዳር ራቁ፤ እዚያ አጠገብ አትርጩ። ባዶውን ጠርሙስ ሩቡን ውሃ ሞልታችሁ ናጡና ወደ መርጫው ገልብጡ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርጉ። ውሃው ማሳው ላይ ይረጫል። ከዚያ ጠርሙሱን ብሱት። የተበሳ ጠርሙስ ዘይት አይቀዳበትም፣ ውሃ አይጠጣበትም።

እርምጃ 7፦ ደብተር

አንድ መስመር ይበቃል። ቀን፣ ማሳ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ በአንድ መርጫ ስንት ሚሊ፣ ስንት መርጫ፣ ለቀማ የሚፈቀድበት ቀን። የመጨረሻውን ቀን የምትጽፉት በረጫችሁበት ሰዓት ነው። የረጨ ሰው ገበያ ሲያምረው አይደለም።

ማንበብ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት። ጎረቤቴ በርጭት ቀን ማሳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩና በየጠዋቱ አንድ አንድ ቋጠሮ ይጨምራሉ። ሰባት ቋጠሮ ሲሞላ ይፈቱታል። ልጆቹም ሚስታቸውም ቀይ ጨርቅ ሳለ ወደዚያ ማሳ ለወጥ አይለቅሙም። ከኔ ደብተር ይልቅ የእሳቸው ጨርቅ ሳይሻል አይቀርም።

እርምጃ 8፦ ከተለቀመ በኋላ

ሰው ሁሉ ርጭቱን ይጠነቀቅና ጆንያውን ይረሳል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘች። ጃፓን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥርዓት የተለየ ገደብ ለሌለው ኬሚካል ጣሪያው 0.01 ነው። ጭነቱ ችግር ገጠመው፣ ንግዱም በጣም ተጎዳ። የአብዛኛው ገበሬ ቡና ግን መድኃኒት የሚባል ነገር አያውቅም። ምንጩ ነው ተብሎ የተጠረጠረው የቡናው መያዣ ጆንያ ነበር። ዘጌን አስቡት። መሬቱ እንዳይታረስ በጥንት ቃል የተጠበቀ፣ ቡናው ከጫካው ጥላ ሥር የሚበቅልበት ምድር ነው። እንዲህ ያለውን ቡና ጆንያ ሊያሰናክለው ይችላል። መድኃኒት፣ ማዳበሪያ ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ጆንያ ውስጥ የሚበላ ነገር አትጨምሩ። ታጥቧል ቢሏችሁም አትጨምሩ።

በርበሬም የራሱ ነገር አለው። ስትደርቅ ውሃዋ ይሄዳል፣ መድኃኒቱ ይቀራል። ስለዚህ በደረቅ በርበሬ ላይ ቅሪቱ ከእርጥቡ ከ7 እስከ 10 እጥፍ ሊጠነክር ይችላል። እርጥቧ ከጣሪያ በታች ስለሆነች ብቻ ድልሁ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ለበርበሬ የመቆያ ቀኑን ጠብቁ፤ ከቻላችሁ ጨምሩበት።

እህል ለነቀዝ ብላችሁ የጋዝ እንክብል የምትጨምሩ፣ እባካችሁ በሚተኛበት ቤት ውስጥ አታድርጉት። እንክብሉ የሚያወጣው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ነው፤ ሰው ይገድላል። ለእህል የኮዴክስ ጣሪያው በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ሲሆን የሚጠበቀውም በደንብ በማናፈስ ነው። ለአንድ ቤተሰብ እህል አየር የማያስገባው ባለ ላስቲክ ጆንያ ይበቃል። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት የለው፣ ቅሪት የለው።

ለገዢውም ትንሽ

ከተማ ያላችሁ ደግሞ ምን እናድርግ ትሉ ይሆናል። በሚፈስ ውሃ እያሻሻችሁ እጠቡ። ነክሮ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። የጎመንን የውጭ ቅጠል ጣሉ። ላዩ ላይ የተቀመጠው መድኃኒት በዚህ በደንብ ይቀንሳል። ወደ ተክሉ ውስጥ የሚሰርግ ዓይነት ግን አለ፤ እሱን ሎሚም ኮምጣጤም አያወጣውም። ስለዚህ ሻጯን ጠይቁ፦ "እትዬ፣ መቼ ነው የተረጨው?" በሉ። ገዢ መጠየቅ ሲጀምር ገበሬም መቁጠር ይጀምራል።

እርምጃ 9፦ ማስመርመር ሲያስፈልግ

ዩኒየን ወይም ላኪ ውጤት ሲጠይቃችሁ ናሙናው በአግባቡ ይወሰድ። የኮዴክስ ደንብ ለቲማቲም ዓይነት መካከለኛ ምርት ቢያንስ 10 ፍሬና 1 ኪሎ ይላል። ለጥቅል ጎመን ቢያንስ 5 ፍሬና 2 ኪሎ ነው። ከማሳው አራት ማዕዘንና ከመሃሉ ልቀሙ። የሚያምረውን መርጣችሁ አትላኩ። አትጠቡት። ቲማቲሙ የሚመረመረው ልጣጩ ሳይላጥ፣ አረንጓዴ ዘንጉ ብቻ ተነሥቶለት ነው። ሽንኩርት ሥሩና በቀላሉ የሚለቀው ደረቅ ልጣጩ ይነሣለታል። አቮካዶ የውስጥ ዘሩ ይወጣለታል፣ ስሌቱ ግን ዘሩን ጨምሮ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ከስሙ አጠገብ "ከ0.01 በታች" የሚል ታዩ ይሆናል። ምንም የለም ማለት አይደለም። መሣሪያው በእርግጠኝነት ሊለካው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። ከጣሪያ ያለፈ ቁጥር ካለ ደብተራችሁን አውጡ። የዚያን መድኃኒት መስመር ፈልጉ። ቀኑ ተጠብቆ ከሆነ ልኬቱን በሲሪንጅ ድገሙት። ልኬቱም ትክክል ከሆነ የጎረቤትን ማሳና ጆንያውን ተመልከቱ። ደብተሩ ላይ ጭራሽ የሌለ ስም ከወጣ ደግሞ የገዛችሁበትን ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ማሸጊያውን ያልጣላችሁት ለዚህ ቀን ነው።